ያደፈ ውኃ ስለ ማጥራት

ልጆች፤ ጧት ጧት ዕቃ የታጠበበት ውኃ ከደጅ ሲደፋ ታያላችሁ። ውኃው ጥቂት ይፈስና ከመሬት ይሰርጋል፤ ወይም አለት ቢያጋጥመው ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከዓይን የራቀ ነገር ሁሉ የጠፋ ይመስለናልና። ውኃ ግን አይጠፋም። ዛሬ ከእኛ ደጅ የተደፋው ነገ ከሌላ ሰው ደጅ ይደርሳል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ያደፈ ውኃ በምን መንገድ እንደሚሄድ፥ በመንገዱም ሳለ እንዴት እንደሚጠራ፥ እንዲጠራም ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ነው።

ነገሩን ከራቤል እንጀምር። ራቤል የግሼ ወረዳ ከተማ ናት፤ ግሼም ከመንዝ በስተ ሰሜን ያለ ደጋ ነው። ከዚህ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወደ ወንጪት፥ ከወንጪት ወደ ጀማ፥ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ዓባይም በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ የሱዳንን በረሓና የግብጽን አገር ካቋረጠ በኋላ በራሺድና በዲምያጥ በኩል ከሜዲትራንያን ባሕር ይፈስሳል። በገደሉ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ የደጋ ሰው በውኃ ራስ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። በባሕር ዳርቻ ያለች መንደር ከላይ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። የደጋ መንደር ግን ከበላይዋ ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ምንጯ ቢያድፍ የሩቅ ሰው አሳደፈብኝ ልትል አይቻላትም፤ ያሳደፈው ባለ ምንጩ ራሱ ወይም የቅርብ ጎረቤቱ ነው።

ያደፈ ውኃ ስንል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ልብስና ዕቃ፥ እጅና እግር የታጠበበት ውኃ መልኩ ክፉ ነው፤ ጉዳቱ ግን መጠነኛ ነው። የሰው ሰገራ የገባበት ውኃ ግን መልኩ ሲታይ የጠራ ቢሆን እንኳ ሰውን ይገድላል። በሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነፍሳት፥ ማለት ባክቴሪያ የሚባሉት፥ ቍጥር የሌላቸው ሆነው ይወጣሉ። የሚበዙት ጉዳት የላቸውም። የኮሌራ፥ የታይፎይድና የሌላውም የተቅማጥ በሽታ ዘር ግን ከታመመው ሰው ወጥቶ ወደ ጤነኛው ሰው አፍ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው። የወስፋት ዕንቍላልም እንዲሁ ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው፤ የሕፃን ሰውነት ውኃው ቶሎ ያልቃልና፥ ለትልቅ ሰው የሁለት ቀን ሕመም የሆነው ተቅማጥ ለሕፃን ሞት ይሆናል።

ብዙ ሰው ክፉ ሽታ ሁሉ በሽታ ነው፥ ሽታ የሌለውም ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ያስባል። በአገራችን ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ አለ፤ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው ከኅዳር በሽታ ጋርም ተያይዞ ይነገራል። ግቢን መጥረግ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ጢሱ ከምንጭ የገባውን አያወጣም። እንዲህ ያለ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ አገር ሐኪሞችም ኮሌራ ከክፉ አየር የሚመጣ ነው ሲሉ ብዙ ዘመን ኖረዋል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1854 ዓመት በሎንዶን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ አጠገብ በጥቂት ሳምንት ከ600 የሚበልጥ ሰው በኮሌራ ሞተ። ዶክተር ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ እየጠየቀ፥ ሁሉም ማለት ይቻላል ከአንድ የውኃ ጉድጓድ ይቀዱ እንደ ነበር አገኘ፤ የጉድጓዱንም መሳቢያ እጀታ አስነቀለው። በኋላም ሲመረመር አንድ የታመመ ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውኃ የተደፋበት የሰገራ ጉድጓድ ከውኃው ጉድጓድ የራቀው ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ ግንቡም ፈራርሶ ነበር። ውኃው ግን ለዓይን የጠራ ነበር፤ እንዲያውም ከሌላው የሚጣፍጥ ነው እየተባለ ከሩቅ ያስመጡት የነበሩ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ ይልቅ ግን ለእኛ ትምህርት የሚሰጠው በጀርመን አገር በ1892 ዓመት የሆነው ነገር ነው። ሀምቡርግና አልቶና የሚባሉ ሁለት ከተሞች ኤልባ በሚባል ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ወሰናቸው ከመጠጋቱ የተነሣ የአንዱ መንገድ ግራው የሀምቡርግ፥ ቀኙ የአልቶና ሆኖ ይገኝ ነበር። ሀምቡርግ ታላቅና ባለጠጋ የወደብ ከተማ ስትሆን፥ የምትጠጣውን ውኃ ከከተማው በላይ ከወንዙ ቀድታ እንዲያው ታከፋፍል ነበር። አልቶና ግን በታች ነበረችና፥ የምትቀዳው የሀምቡርግ ሕዝብ ሰገራና እጣቢ ከገባበት በኋላ ነው። እንግዲህ የትኛይቱ ከተማ ትጠፋለች ቢባል፥ ሁሉም ሰው አልቶና የሚል ይመስላል።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በዚያ ዓመት ኮሌራ ሲገባ ከሀምቡርግ ሕዝብ 8,600 ያህል ሰው ሞተ፤ በአልቶና የሞተው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በወሰኑ ላይ በአንዱ መንገድ የዚህ ወገን ቤቶች ሲታመሙ የወዲያኛው ወገን ቤቶች ዳኑ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ የአልቶና ሰዎች ውኃቸው የከፋ መሆኑን ስላወቁ በሰፊ የአሸዋ አልጋ ላይ እያሳለፉ ቀስ ብለው ያጠሩት ነበር። የሀምቡርግ ሹማምንትም ማጥሪያ እንደሚያስፈልግ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ በወጪው ሲከራከሩ ብዙ ዓመት አለፈባቸው፤ ማጥሪያውም ተሠርቶ ያለቀው በሽታው ካለፈ በኋላ በ1893 ዓመት ነው። የኮሌራን ዘር ለይቶ ያስታወቀው ሮበርት ኮኽ የሚባለው ሐኪም ይህን ሁሉ በዚያው ተገኝቶ መርምሮታል።

አሸዋው ይህን ያደረገው በምን ኃይል ነው? ወንፊት ጠጠርን ከእህል እንደሚለይ አሸዋም እድፉን ይለያል ብትሉ ከፊሉን ብቻ ተናገራችሁ። የበሽታ ዘር ከአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት እጅግ ያነሰ ነውና፥ በወንፊትነት ብቻ ቢሆን ያልፍ ነበር። ነገር ግን ውኃው ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሰንብቶ፥ በአሸዋው ራስ ላይ ለምለም የሚመስል ስስ ቅባት ይይዛል። በዚያም ቅባት ውስጥ ሌሎች የማይጎዱ ደቃቅ ነፍሳት ይኖራሉ፤ የሚያልፈውን እየያዙ ይበሉታል፤ ክፉው ዘርም በእነርሱ መካከል ተራቍቶ ይሞታል። የምንረግጠው አፈርም እንዲሁ ሕይወት የሞላበት ነው። በቂ ውፍረት ያለው፥ ያልተሰነጠቀና በውኃ ያልተሞላ አፈር ካገኘ፥ ያደፈ ውኃ ጥቂት ክንድ እንኳ ሳይወርድ እድፉን ይተዋል። ስለዚህ ከአፈር የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ መንገዱ ረዥም ይሁን፥ አካሄዱም ዝግ ይበል።

ታላላቅ ከተሞች ያደፈ ውኃቸውን የሚያጠሩበት ብልሃት ይኸው ነው፤ ሰው ሥፍራ ስለ ጠበበው አፈር የሚሠራውን ሥራ በግንብና በኩሬ ያሠራዋል እንጂ አዲስ ኃይል አልፈጠረም። የጠላ አጠማመቅ ያየ ልጅ ይህን ለማወቅ አይቸግረውም። መጀመሪያ በቧንቧ የመጣው ውኃ በብረት ወንፊት ያልፋል፤ ጨርቅና እንጨት በዚያ ይቀራል። ቀጥሎ እንደ ጋን ባለ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠላ ሲያድር አተላው ወደ ታች እንደሚወርድ ሁሉ፥ ዝቃጩ ከታች ይከማቻል፤ ላይ ላዩ ወደ ሌላ ይፈስሳል። ነገር ግን የጠላ ፊት መጥራቱ ጌሾውን እንደማያወጣው ሁሉ፥ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ያለው እድፍ በዚህ አይወጣም። ይህን የሚያወጣው ሦስተኛው ሥራ ነው፤ እርሱም የእርሾ ሥራ ይመስላል። ደቃቅ ነፍሳቱ አየር እየተሰጣቸው እድፉን ይመገቡታል፤ ይበዛሉ፤ በጠገቡም ጊዜ እርስ በርስ ተጣብቀው ይወርዳሉ። አየሩን በሞተር ኃይል የሚነፉ አሉ፤ ውኃውን በጠጠር ክምር ላይ እየረጩ የሚያንጠባጥቡ አሉ። ሰፊ መሬት ያላቸው ደግሞ ውኃውን ከኩሬ ወደ ኩሬ እያሻገሩ ብዙ ቀን ያሰነብቱታል፤ በዚህም ጊዜ ነፋስ አየር ይሰጠዋል፥ የፀሐይ ብርሃንም የበሽታውን ዘር ይገድላል። ይህ የመጨረሻው እጅግ ርካሽ ስለሆነ ለትንሽ ከተማ የሚስማማው እርሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። በመንዝና በግሼ ብርድ የተቦካ የገብስ ሊጥ በቆላ እንደ ተቦካው ቶሎ አይነሣም፤ እናቶቻችሁ ሌላ ቀን ይጨምሩለታል። የማጥሪያ ኩሬም እንዲሁ ነው፤ በብርድ አገር ደቃቅ ነፍሳቱ ሥራቸው ይዘገያል። በሙቅ አገር በሳምንት የሚጠራው በደጋ ከዚያ የሚበልጥ ቀን ይፈልጋልና፥ የቆላን ኩሬ ልክ ወስዶ በደጋ የሚቆፍር መሐንዲስ ሳይጠራ የወጣ ውኃ ያገኛል። የወስፋት ዕንቍላልም በብርድ ብዙ ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ሞልቶ የተዘጋ የሰገራ ጉድጓድ ውስጡ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሁን የሚል ቢኖር፥ በሙቅ አገር አንድ ዓመት ሲበቃው፥ በእኛ ደጋ ግን ሁለት ዓመት ሳይነካ ሊቀመጥ ይገባዋል። በመንዝ እንጨት ስለሌለ ፋንድያው ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ እርሻውም ማዳበሪያ ያጣል። ስለዚህ ይህ ነገር የሚያስንቅ አይደለም፤ ጊዜውን መጠበቅ ነው እንጂ።

የአዲስ አበባም ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ግድም በኢልግ መሐንዲስነት ከእንጦጦ ሥር ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ ባስመጡ ጊዜ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ከዚያ በኋላ ከገፈርሳ፥ ቀጥሎም ከለገዳዲ ብዙ ውኃ ወደ ከተማው ገባ። ስለሚገባው ውኃ ይህን ያህል ሲታሰብ፥ ስለሚወጣው ግን ብዙ ዘመን የሚያስብ አልነበረም። ወደ ቤት በንጽሕና የገባው ውኃ በእድፍ መውጣቱ አይቀርምና ወደ አቃቂ ወንዞች ፈሰሰ፤ እነርሱም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ አወረዱት። አባ ሳሙኤል በአገራችን አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ከተገኘባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው፤ ኋላ ግን ደለልና እንቦጭ ሞላበት። በደርግ ዘመን በቃሊቲ የማጥሪያ ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ እነዚህም በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ያህል የሚቀበሉ ነበሩ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚያው በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ያደፈ ውኃ እንዲያጠራ የታቀደ ትልቅ ማጥሪያ ቆሟል። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር 5,000,000 ጀሪካን ይሆናል። ይህም ሆኖ የከተማው ሕዝብ ሁሉ በቧንቧው አልተዳረሰም፤ ወንዞቹም ገና አልጠሩም። አስቀድሞ ያልታሰበበት ነገር በኋላ ሲሠራ ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን በዚህ ይታወቃል።

ስለ እንቦጭ ካነሣን ጣናንም መርሳት አይገባም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ይህ አረም የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዞ ዓሣ አጥማጁንና ታንኳውን አስቸግሯል። እንቦጭ የሚወፍረው በውኃው ውስጥ ባለ ማዳበሪያ ነው፤ ማዳበሪያውም ከየእርሻው ከሚታጠበው አፈርና ከከተሞች እድፍ የሚመጣ ነው። ይህን የመሰለ በዓለም ሁሉ ባሉ ትንንሽ የባሕር ዳርቻ መንደሮችም ይታያል። የእነርሱ ችግር ከእኛ የተለየ ነው። መሬታቸው ዝቅ ያለ አሸዋ ነው፤ ጥቂት ቢቆፍሩ ውኃ ያገኛሉ፤ ስለዚህ ጥልቅ የሰገራ ጉድጓድ ቢቆፍሩ ወዲያው ከሚጠጡት ውኃ ጋር ይገናኛል። ወደ ባሕር ቢለቁትም ዓሣቸውን ይበክላል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ያደፈውን ውኃ በተዘጋ ገንዳ ውስጥ አዝቅጠው፥ ከዚያ ደንገልና ቄጠማ በተተከለበት የጠጠር መደብ ውስጥ ያሳልፉታል፤ የተክሉ ሥር ለደቃቅ ነፍሳቱ ማደሪያ ይሆናል። እንዲህ ያለው መደብ ሞተር አይፈልግም፤ ጠባቂ ግን ይፈልጋል። ዝቃጩ በጊዜው ካልወጣ ጠጠሩ ይደፈናልና።

እንግዲህ ወደ ራቤል አገር እንመለስ። ቧንቧና ማጥሪያ በሌለበት የገጠር መንደር የማጥሪያው ቤት አፈሩ ነው። አፈሩ ግን ሥራውን የሚሠራው ቦታው ሲመረጥለት ነው። በኢትዮጵያ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1990 ዓመት ከ100 ሰው 92 ያህሉ በሜዳ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ዓመት ግን ወደ 29 ወርዷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ብዙ ደክመዋል። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ጉድጓድ መቆፈሩ ብቻ ተቆጥሮ፥ የት እንደ ተቆፈረ ሳይጠየቅ ከቀረ፥ ከሜዳ ያነሣነውን በምሥጢር ወደ ምንጩ ሰደድነው ማለት ነው።

የጉድጓዱ ቦታ ሲመረጥ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር፥ ማለት 60 ክንድ ያህል፥ ይራቅ ይባላል። ደግሞም ከምንጩ በታች እንጂ በላይ አይሁን። የጉድጓዱም መጨረሻ ከመሬት ውስጥ ካለው ውኃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፤ በጉድጓዱ ግርጌ ውኃ የሚቋጥር ከሆነ እድፉ ሳይጠራ ከውኃው ጋር ይቀላቀላልና። ይህ ሕግ የተነገረው ግን ለደኅና አፈር ነው። በደጋችን ብዙ ሥፍራ አፈሩ ስስ ሆኖ ከሥሩ የተሰነጠቀ አለት አለ። በስንጥቅ አለት ውስጥ ውኃ ሳይጠራ እንደ ቦይ ይሮጣል፤ 60 ክንድ ቀርቶ ከዚያ እጅግ የራቀም አያድንም። እንዲህ ባለ ሥፍራ ጉድጓዱን ከማጥለቅ ይልቅ ዙሪያውን በድንጋይ ገንብቶ መጸዳጃውን ከመሬት ከፍ ማድረግ፥ ከሥሩም ወፍራም አፈር መደልደል ይሻላል። ሜዳው ደግሞ መረሬ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ውኃ አያሰርግም፤ ጉድጓዱም ሞልቶ ይገነፍላል።

አፈሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ከሩቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፤ የትምህርት ቤት ልጆች ከመምህራቸው ጋር ሊያውቁት ይችላሉ። አንድ ስንዝር ከግማሽ የሚሰፋ፥ ሁለት ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ማታ ውኃ ሙሉበትና አፈሩ ሲጠጣ ይደር። በማግሥቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል እንዲቆም ውኃ ጨምሩ፤ መሥመር የተሠመረበት ዘንግ አቁሙ፤ በሰዓት ጠብቁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 2 ሴንቲሜትር ተኩል እንኳ ካልወረደ፥ አፈሩ አያሰርግምና ለዚህ ሥራ አይሆንም። በተቃራኒው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውኃው ሁሉ ጠፍቶ ቢገኝ አትደሰቱ፤ ከሥሩ ስንጥቅ አለ ማለት ነውና። ደኅናው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ሥራው ሲያልቅ ሕፃን ወይም ጥጃ እንዳይገባበት ጉድጓዱን መልሳችሁ ድፈኑት።

የእጣቢውን ውኃ ግን ወደ ሰገራው ጉድጓድ አትጨምሩት፤ ቶሎ ይሞላዋል፤ ወደ መሬት ውኃም ይገፋዋል። ለእርሱ ከቤት ራቅ አድርጎ አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ፥ ከታች ድንጋይ፥ ከላይ ጠጠር ሞልቶ፥ በዚያ ላይ ማፍሰስ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብስን ከምንጩ ራስ ላይ አለማጠብ ይገባል። የእጣቢ ውኃ በወንዝ ላይ የሚያደርገውን ኃይል አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ለዓለም አስረድቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓመት፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር፥ በዐድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚ ነውና፥ በዚህ ምርምር እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንዲያገለግል ብዙ ደከመ፤ በ1989 ዓመትም ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለመ። ይሁን እንጂ ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ከላይ የፈሰሰው ነገር ጥቅሙም ጉዳቱም ከታች ነው የሚታየው።

ምንጩም ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። ከምንጩ በላይ የዝናብ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቆፈር፤ የውኃው ዓይን በድንጋይ ተገንብቶ ይከደን፤ ውኃው በቧንቧ ይውጣ፤ ዙሪያውም ይታጠር፤ ለከብት የሚሆነው ገንዳ ከበታች ይሁን። ሰው ጠበልን እንዴት አድርጎ እንደሚያከብር፥ እንዴትም ከእድፍ እንደሚጠብቅ ይታወቃል። የመንደር ምንጭም ከዚህ ጥበቃ ጥቂቱን እንኳ ቢያገኝ ብዙ ሕፃናት ይድናሉ።

በዚህ ላይ ጠብ የሚነሣው መቼ ነው ቢባል፥ ምንጩ የሁሉ ሆኖ መሬቱ የአንድ ሰው ሲሆን ነው። ከምንጩ በላይ ቤት የሠራ ሰው ጉድጓድህን አንሣ ቢሉት፥ በመሬቴ ላይ ምን አገባችሁ ይላል። በእኔ አሳብ በዚህ ነገር መሐል መንገድ የለም። ምንጩን ወደ ሌላ ሥፍራ ሊያዛውረው የሚችል ሰው የለም፤ ጉድጓዱን ግን ማዛወር ይቻላል። ስለዚህ የሚነሣው ጉድጓዱ ነው፤ ቁፋሮውን ግን ከምንጩ የሚቀዳው መንደር ሁሉ ያግዘው፤ የሁሉን ጥቅም አንድ ሰው ብቻውን እንዲሸከመው ማድረግ ግፍ ነውና። መንዝ ለእንዲህ ያለ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። የጓሳ ሜዳ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ የአስቦና የገራ ወገኖች በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ እነርሱ ይወስኑ ነበር። ከዚያም ወዲህ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሏል። ያ ሜዳ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ በበጋ ለምንጮች የሚያካፍል ስለሆነ፥ ሣሩን የጠበቁ ሰዎች ውኃንም ጠብቀዋል። ለሣር የወጣ ሥርዓት ለምንጭ የማይወጣበት ምክንያት አይታይም።

ምንጩ እስኪጠበቅ ድረስ ግን የሚጠጣውን ውኃ ማፍላት ያስፈልጋል። በዚህም ደጋው የራሱ ጠባይ አለው። በባሕር ዳር ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን በ90 ዲግሪ ግድም ይንተከተካል። ስለዚህ በደጋ ውኃው መንተክተክ እንደ ጀመረ ከእሳት አይወርድም፤ ሲንተከተክ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ከፈላ በኋላም በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ እጅ ያልነካው መቅጃ ይኑረው። ከመጸዳጃ የተመለሰ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ቢታጣ አመድ ይበቃል።

ከላይ የተናገርነውን የአፈር ፈተና የምትሠሩ ልጆች በጥር ብቻ ሠርታችሁ አትተዉት። በበጋ ውኃ በደንብ የሚያሰርግ መሬት በነሐሴ ምንጩ ከየቦታው ሲፈልቅ ጨርሶ የማያሰርግ ሆኖ ይገኛል፤ የመሬት ውስጡ ውኃም ከፍ ብሎ ወደ ጉድጓዶቹ ግርጌ ይቀርባል። ስለዚህ አንዱን ፈተና በጥር፥ ሁለተኛውን ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ በጳጕሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ፥ ዝናቡ ገና ሳይደርቅ፥ በዚያው ሥፍራ ሥሩት። ሁለቱንም ቍጥር ከቀኑ ጋር በደብተር ጻፉ። ለአዲስ ጉድጓድ ቦታ ሲመረጥ የሚታመነው የዝናቡ ጊዜ ቍጥር ነው።